ሳሎን የገባው ሊኑክስ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ቲቪዬን ከኢንተርኔት ነቅዬ፣ ነፃና ክፍት የሆነው የኮምፒውተር ሲስተም ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር መጠቀም ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። ይህን ጽሑፍ በመጀመሪያው ሳምንት ብጽፈው ኖሮ ወይ ሙሉ ውዳሴ ወይ ሙሉ እርግማን ይሆን ነበር። አሁን ጉጉቱም ንዴቱም ሰክኗል።

ለምን እንደገባሁበት በአጭሩ ልናገር። ብዙዎቹ የዛሬ ቲቪዎች ስክሪኑ ላይ ያለውን ምስል እየለዩ ለአምራቹ የሚያሳውቁበት ቴክኖሎጂ አላቸው። ይህ የመንደር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ቪዚዮ የተባለው ቲቪ አምራች፣ በ11 ሚሊዮን ቲቪዎች ላይ የሚታየውን ነገር ባለቤቶቹን ሳያስፈቅድ በየሰከንዱ ሰብስቧል ተብሎ ተከሶ፣ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ጉዳዩን ጨርሷል። ከዲቪዲም ይምጣ ከሌላ የተሰካ ዕቃ፣ ቲቪው የሚያየው ስክሪኑን ነው። ስለዚህ ሊኑክስ ያለበት ሳጥን መሰካት ብቻውን ምንም አያድንም። ቲቪው ራሱ ከዋይፋይ መውጣት አለበት። እኔ ወደ ፋብሪካው ሁኔታ መልሼው የዋይፋይ ፓስወርድ ሲጠይቅ እምቢ አልኩት። ከዚያ በኋላ ስክሪን ብቻ ሆነ።

ሳጥኑ ከቲቪው ሥር የተቀመጠ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የግራፊክስ ካርዱን ኤኤምዲ ከተባለው አምራች የመረጥኩት ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር (ድራይቨሩ) ከሊኑክስ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ነው፤ ለብቻው የሚጫን ነገር የለም። የጫንኩት ባዛይትን ነው። ፌዶራ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ የተገነባ ሊኑክስ ሲሆን ልክ እንደበራ በጆይስቲክ ወደሚታዘዝ፣ ጽሑፉ ከሩቅ ወደሚነበብ ገጽ ይገባል። ከሁሉ በላይ የወደድኩለት አፕዴቱን ነው። ሲስተሙ በቁርጥራጭ ሳይሆን እንደ አንድ ሙሉ ቅጂ ነው የሚቀየረው። አዲሱ ቅጂ ድምፁን አጥፍቶ ይወርድና ኮምፒውተሩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ ቦታውን ይይዛል። የቀድሞው ግን አይጠፋም። አዲሱ ካስቸገረ፣ ሲነሳ ከሚመጣው ዝርዝር ላይ አሮጌውን መምረጥ ነው። ለሳሎን ዕቃ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ፊልም ሊያይ ተሰብስቦ ተርሚናል ከፍቶ የሚታገል ሰው ማን ይፈልጋል?

ለፊልምና ለሙዚቃ ኮዲ የተባለውን ማጫወቻ እጠቀማለሁ። ኮዲ የተወለደው በመጀመሪያው ኤክስቦክስ ላይ ነው፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ገና ከጅምሩ ሶፋ ላይ ላለ ሰው መሠራቱ ያስታውቃል። አራት ቀስት፣ አንድ እሺ፣ አንድ ተመለስ፤ በቃ። ፋይሎቹ የተቀመጡት ሌላ ክፍል ባለ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ወደ ቲቪው የሚያድላቸውም ጄሊፊን የተባለው ሶፍትዌር ነው። ማስታወቂያ የለም፣ ወርሃዊ ክፍያ የለም። የት ላይ እንዳቆምኩ ያውቃል፣ ለማንም አይናገርም። ስለዚህ ክፍል የማማርረው ስለሌለኝ አልፈዋለሁ።

ጌሙ ከጠበቅኩት በላይ ሆኗል። ምስጋናው ፕሮቶን ለተባለው ሶፍትዌር ነው። ቫልቭ የተባለው የጌም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ሲሆን መሠረቱ ከ1993 ጀምሮ ሲሠራ የኖረው ዋይን የተባለው ሶፍትዌር ነው። ለዊንዶውስ የተሠራ ጌም ዳይሬክትኤክስ በተባለው የግራፊክስ ቋንቋ የሚናገረውን ሊኑክስ ወደሚረዳው ቫልካን እየቀየረ ያቀብላል። ተጫዋቹ ግን ይህን ሁሉ አያየውም፤ ጌሙን ይጭናል፣ ይጫወታል። አንዳንድ ጌም መጀመሪያ ሲከፈት ትንሽ ያስጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ ልዩነቱ አይታወቀኝም። ብቻዬን የምጫወታቸው ጌሞች ውስጥ እምቢ ያለኝ ከቁጥር አይገባም። የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክም ችግር የለበትም፤ የሊኑክስ ድራይቨሩን የጻፈው ሶኒ ራሱ ነው። የፒኤስና የክሪኤት ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭኖ መያዝ፣ መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ሲል በብሉቱዝ ማገናኘት። አለቀ።

ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ያስነሳው ሪሞት ነው። የቲቪ ሪሞት በኤችዲኤምአይ ገመድ በኩል ሌላ ዕቃ የሚያዝበት ሲኢሲ የሚባል ዘዴ አለ። ትንንሾቹ ራስቤሪ ፓዮች ሳይቀሩ አላቸው። የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርዶች ግን በአብዛኛው የላቸውም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ አንድ ፊልም ለማየት አንዱ ሪሞት ቲቪውን ያበራል፣ ጣት ሄዶ ኮምፒውተሩን ያስነሳል፣ ጆይስቲኩ ኮዲን ይከፍታል። «ይሄን ሁሉ ለዜና?» አለችኝ ባለቤቴ። እውነቷን ነው። መፍትሄው ፐልስ ኤይት የሚባለው ትንሽ አስማሚ ነበር። በካርዱና በቲቪው መካከል ይሰካል፣ ሌላው ጫፉ ወደ ዩኤስቢ ይገባል። አሁን የቲቪው ሪሞት ኮዲን ያዛል፣ ሳጥኑ ሲነሳ ቲቪውም አብሮ ይበራል። እንቅልፍ ላይ ያለውን ኮምፒውተር በጆይስቲክ መቀስቀስ ግን እስካሁን እንደ ዕድል ነው። ማዘርቦርዱ ሲተኛ ለብሉቱዙ ኃይል ካልሰጠ የሚሰማ የለም። እኔ ተነስቼ ቁልፉን እጫናለሁ፤ ለጤናም ጥሩ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበው ልግባ። በነዚህ ወራት ካጋጠሙኝ ገደቦች ትልልቆቹ ሊኑክስ መሥራት ስላልቻለ የመጡ አይደሉም። ፈቃድ የከለከለ ሰው ስላለ ነው።

ገመዱን እንውሰድ። ቲቪዬ 4ኬን በሰከንድ 120 ጊዜ ማሳየት ይችላል። ካርዱም ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ኤችዲኤምአይ 2.1 ነው፤ በሰከንድ እስከ 48 ጊጋቢት ያሳልፋል፣ የቀደመው 2.0 ግን 18 ላይ ያቆማል። ኤኤምዲ 2.1ን የሚደግፍ ክፍት ኮድ ጽፎ ነበር። የኤችዲኤምአይን ደረጃ የሚያስተዳድረው ማኅበር ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ኮዱ በአደባባይ እንዲወጣ አልፈቀደም፤ የደረጃው ሰነድ ለሕዝብ ክፍት አይደለምና። ውጤቱ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሃርድዌሩ አለ፣ ኮዱ ተጽፏል፣ እኔ ጋ ግን አልደረሰም። 120 ላይ በግድ ላድርገው ሲባል ሲስተሙ የቀለም መረጃ ይቀንሳል። በጥቁር ላይ ያለ ቀይ ጽሑፍ ጠርዙ ተድበስብሶ፣ ውሃ የነካው ቀለም መስሎ ይታያል። ፊልም ላይ አይታወቅም፣ ሜኑ ላይ ግን ዓይን ይወጋል። ስለዚህ 60 ላይ ትቼዋለሁ። ዲስፕሌይፖርት ከተባለው ሌላ የስክሪን መሰኪያ ወደ ኤችዲኤምአይ 2.1 የሚቀይሩ አስማሚዎች አሉ፣ አንዳንዶች ተሳክቶላቸዋል። እኔ አንድ ተጨማሪ አስማሚ ከሰካሁ ከቲቪው ጀርባ ያለው ነገር የሸረሪት ድር ሊሆን ነው።

ሁለተኛው የተዘጋ በር የፊልም አገልግሎቶቹ ናቸው። ወርሃዊ ተከፋዮቹ ትልልቅ አገልግሎቶች ቪዲዮው እንዳይቀዳ ዋይድቫይን በተባለ ዲጂታል ቁልፍ ቆልፈው ነው የሚልኩት። ቁልፉ ደረጃ አለው። ከፍተኛው ደረጃ ሃርድዌሩ ውስጥ በታሸገ ክፍል ይከፈታል፤ ተራ የሊኑክስ ኮምፒውተር የሚያገኘው ግን ዝቅተኛውን፣ በሶፍትዌር ብቻ የሚሠራውን ነው። ስለዚህ እንደማንኛውም ደንበኛ ከፍለህ 4ኬ አታገኝም። ብሮውዘር ከፍቶ ማየት ይቻላል፣ ምስሉ ግን ትልቅ ስክሪን ላይ ደብዘዝ ይላል፤ በዚያ ላይ ብሮውዘር ለሪሞት አልተሠራም። ቤታችሁ የሚታየው በአብዛኛው ከነዚህ አገልግሎቶች ከሆነ ይህ ነገር ለእናንተ አይሆንም። እኛ ቤት አብዛኛው በራሳችን ዲስክ ያለ ስለሆነ ከደንበኝነቱ መውጣቱ አልከበደንም።

ሦስተኛው የኦንላይን ውድድር ጌሞች ናቸው። አጭበርባሪ ለመያዝ ተብሎ እስከ ሲስተሙ እምብርት (ከርነል) ድረስ የሚገባ ሶፍትዌር ይጠቀማሉ። ቫሎራንት በሊኑክስ አይሠራም። ፎርትናይትም እንዲሁ። አፔክስ ሌጀንድስ ይሠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ አካባቢ ዘጉት። የሚገርመው ኢዚ አንቲቺትና ባትልአይ የተባሉት ሁለቱ ታዋቂ ተቆጣጣሪዎች ከ2021 ጀምሮ ከፕሮቶን ጋር መሥራት መቻላቸው ነው። ማብራቱ በጌሙ ባለቤት እጅ ነው። አንዳንዱ ያበራል፣ አንዳንዱ አያበራም። ጎረምሳ ልጅ ያላችሁ፣ እሱ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወተው ጌም በሊኑክስ መሥራት አለመሥራቱን ፕሮቶንዲቢ የተባለው ድረ ገጽ ላይ ሳታዩ ምንም እንዳትነቅሉ። ቤት ውስጥ አብሮ ለመጫወት ከሆነ ግን ሱፐርታክስካርት የተባለው የመኪና እሽቅድምድም ጌም አለ። ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ አራት ጆይስቲክ ቢሰካም አይከፋውም። የእኛ ቤት ጩኸት ምስክር ነው።

ከትልልቅ ኩባንያዎች ወጥቻለሁ ብዬ ግን ደረቴን አልነፋም። ከጌሞቼ አብዛኞቹ ያሉት ስቲም በተባለው የጌም መደብር ላይ ነው። ስቲም የቫልቭ ነው፣ ኮዱም ዝግ ነው። ቫልቭ ለሊኑክስ ጌም የዋለው ውለታ አይካድም፤ ሆኖም አካውንቱ ከተዘጋ ጌሞቹም አብረው ይሄዳሉ። ገጹን ደጋግሜ ስከፍትም መጀመሪያ የሚቀበለኝ የሚሸጥ ጌም ነው፤ ከቲቪው ያባረርኩት ነገር በሌላ በር መግባቱ ነው። ስለዚህ አዲስ ጌም ስፈልግ አስቀድሜ ጂኦጂ የተባለውን ሌላ የጌም መደብር አያለሁ። እዚያ የሚሸጡት ጌሞች ዲጂታል ቁልፍ የላቸውም፣ የመጫኛ ፋይሉን አውርዶ ማስቀመጥ ይቻላል። የጂኦጂ ሰዎች ለሊኑክስ የራሳቸውን አፕ አልሠሩም፣ ሂሮይክ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር ግን ክፍተቱን ይሞላል። አውርዶ፣ ፕሮቶንን መርጦ፣ ወደ ጆይስቲኩ ገጽ ይጨምርልኛል። የመጫኛ ፋይሎቹን ጄሊፊን ባለበት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ፣ ከፊልሞቹ ጎን አስቀምጣቸዋለሁ። ዲስኩ እየሞላ ስለሆነ ቀጣዩ ወጪዬ እሱ ነው።