ዲጎ ለማስተማሪያነት፦ ስለ ጣና እምቦጭ ባነበብንበት ሴሚስተር

በባሕር ዳር ስለ ጣና ሐይቅ ሥነ ምኅዳር ለማስተምራቸው የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ንባብ የምልክላቸው በቴሌግራም ግሩፕ ነበር። ሰኞ የተላከ ሊንክ ረቡዕ ሲፈለግ በሌሎች መልእክቶች ተውጦ ይቀራል፤ ማን እንዳነበበውና ምን እንደተረዳም አይታወቅም። ስለዚህ ባለፈው ሴሚስተር ወደ ዲጎ ዞርን። ዲጎ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ አገልግሎት ሲሆን፣ ተጠቃሚው ያገኘውን ድረ ገጽ ታግ (በኋላ ለመፈለግ የሚረዳ መለያ ቃል) ሰጥቶ እንዲያስቀምጥ፣ በገጹ ላይ ዓረፍተ ነገሮችን እንዲያቀልም፣ ከጎናቸው ማስታወሻ እንዲጽፍና ይህንኑ ለቡድኑ እንዲያጋራ ያስችላል።

ከሁሉ የጠቀመኝ ማቅለሙ ነው። እምቦጭ በ2011 እ.ኤ.አ. በጣና ላይ ከታወቀ ወዲህ ከተጻፉት ጥናቶች አንዱን ሲያነቡ፣ አብዛኞቹ ያቀለሙት አረሙ የሸፈነውን የሄክታር መጠን ነበር፤ ከእርሻ ማሳ በጎርፍ ታጥቦ ወደ ሐይቁ ስለሚገባውና አረሙን ስለሚያፋፋው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የሚያስረዳውን አንቀጽ ግን የነኩት ሦስት ብቻ ነበሩ። ይህን ከክፍል በፊት በማየቴ ትምህርቱን ከዚያው አንቀጽ ጀመርኩ። ቤተሰቧ በፎገራ ሩዝ የሚያመርት አንዲት ተማሪ በአንቀጹ ጎን «አባቴ ማዳበሪያ የሚበትነው ዝናቡ ሲበረታ ነው» ብላ ጻፈች፤ በዚህች አንዲት መስመር ሥር የተካሄደው ውይይት እኔ ካዘጋጀሁት ጥያቄ ሁሉ የላቀ ነበር።

ያላሰብኩት ችግር የመጣው ከራሳችን ሆሄያት ነው። አንዱ «ሐይቅ»፣ ሌላው «ሀይቅ»፣ ሦስተኛው «ሃይቅ» ብሎ ታግ ሲሰጥ፣ «እምቦጭ» እና «እንቦጭ» ሲለያዩ፣ ለኮምፒውተር እያንዳንዱ የተለየ ቃል ስለሆነ አንድ ላይ መገኘት የነበረባቸው ንባቦች ተበታተኑ። በሦስተኛው ሳምንት ሃያ ታጎችን ተስማምተን በሰሌዳ ላይ ጻፍን። «ብክለት» እና «የንጥረ ምግብ መብዛት» አንድ ታግ ይሁኑ ወይስ ሁለት በሚለው ላይ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተከራከርን፤ ጊዜው ባከነ ብዬ አላምንም።

በነጻ የሚሰጠው አገልግሎት ገደብ አለው። ማቅለሙም በኮምፒውተር ብሮውዘር ላይ ስለሚመች፣ ስልክ ብቻ ያላቸው ተማሪዎች በላብራቶሪ የሚያነቡበት ሰዓት ሊመደብላቸው ይገባል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን የምርምር ጽሑፎችን ማሰባሰቢያ ፕሮግራም የሆነውን ዞቴሮን እመርጣለሁ፤ ኢንተርኔት በሌለበትም ይሠራል፣ ዋቢዎችን ራሱ ያደራጃል፣ የጋራ ቤተ መጻሕፍትም ይፈቅዳል፣ ለፋይሎች የሚሰጠው የነጻ ቦታም 300 ሜጋባይት ነው።

በየትኛውም ቢሠሩ፣ መምህራን የተሰበሰበውን በየጊዜው አውርደው እንዲይዙ አጥብቄ እመክራለሁ። በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና ሊንኮችን በታግ በማስቀመጥና በማጋራት ዘርፍ ቀዳሚ የነበረው ዴሊሸስ በ2017 እ.ኤ.አ. አዲስ ሊንክ መቀበል አቁሟል፤ ለተመራማሪዎች የተሠራው ሳይትዩላይክም በ2019 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። የእኛን ስብስብ በሰኔ አውርጄ አስቀምጫለሁ፤ የመጪው ዓመት ተማሪዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት ከሃያዎቹ ታጎችና ከፎገራዋ ልጅ ማስታወሻ ነው።