የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፦ ስለ ውትድርና ማስታወቂያ ማስጠንቀቂያ

ጎበዝ፣ ይሄን የምጽፈው ሥራ ለምትፈልጉ ነው። በተለይ ስልካችሁ ላይ «ጥሩ ደመወዝ፣ ነጻ ሥልጠና፣ ዜግነት ጭምር» የሚል የሠራዊት ምልመላ ማስታወቂያ ብቅ እያለ ልባችሁን ለሚያማልለው። የየትኛው አገር ጦር መሆኑ ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ አሻሻጡ ይመሳሰላል። ወዶና አውቆ የሚዘምት ሰው አለ፣ ከሱ ጋር ጠብ የለኝም። እኔ የማወራው ስለ ግብይቱ ነው። ሲሸጥ የሚታየውና እጅ የሚገባው ለየቅል ነው።

ማስታወቂያውን ትታችሁ ከወረቀቱ ጀምሩ። የአሜሪካ ጦር ተመልማይ የሚፈርመው ውል ዲዲ ፎርም 4 ይባላል። እዚያ ላይ፣ በውሉና በአባሪዎቹ ከሰፈረው ውጪ ማንም የገባልኝ ቃል ዋጋ የለውም፣ አይከበርም የሚል ነገር አለ። ይሄን የሚፈርመው እንግዲህ ወጣቱ ራሱ ነው። መልማዩ «ኮምፒውተር ትማራለህ፣ ጥሩ አገር ትመደባለህ» ሲለው የዋለው ሁሉ በዚች መስመር ውሃ በላው። ወረድ ሲባል ደግሞ ይብሳል፦ ሕግና ደንብ ሳይነገረኝ ሊለወጥ ይችላል፣ ለውጡም ውሉ ምንም ቢል ደመወዜን፣ አበሌንና ጥቅማ ጥቅሜን ሊነካ ይችላል ይላል። ቤት አከራይ እንዲህ ያለ ውል ቢያቀርብላችሁ ጥላችሁት ትወጡ ነበር።

የዓመቱ ቁጥርም ያምታታል። «አራት ዓመት» ተብሎ የተፈረመው በወረቀቱ ላይ ስምንት ነው፤ ቀሪው በተጠባባቂነት ይቆጠራል፣ ከተፈለጉ ይጠራሉ። በእንግሊዝ ጦር ደግሞ በ16 ዓመት መቀጠር ይቻላል። አራቱ የግዴታ ዓመታት ግን መቆጠር የሚጀምሩት ልጁ 18 ሲሞላው ነው። ስለዚህ 18 ሳይሞላው ካልወጣ፣ በ16 ዓመቱ የገባ ልጅ በ20 ዓመቱ ከገባ ሰው የበለጠ ዕዳ አለበት። ይሄን ስሌት ፖስተር ላይ አይታችሁት ታውቃላችሁ?

ከሁሉም የከፋው የሩሲያ ነው። ለአንድ ዓመት ተብሎ የሚተዋወቅ ውል አለ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው ድንጋጌ ግን የወታደሮቹ ውል የክተቱ ዘመን እስኪያበቃ እንዲቀጥል አደረገ። መቼ ነው የሚያበቃው? ቀን አልተቆረጠለትም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የፊርማ ክፍያ ዓይን ያሳውራል፣ ሰው በተቸገረበት ሰዓት ደግሞ ይበልጥ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? አሜሪካ ውስጥ በካሊፎርኒያ ብሔራዊ ዘብ (የግዛቲቱ ተጠባባቂ ጦር) የሆነውን ስሙ። የኢራቅና የአፍጋኒስታን ጦርነት ሰው ሲፈልግ፣ ወታደሮቹ እንደገና እንዲፈርሙ 15 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ተሰጣቸው። ፈረሙ፣ ዘመቱ፣ አንዳንዶቹ ቆስለው ተመለሱ። ከዓመታት በኋላ ኦዲት ተደረገና ብዙዎቹ ክፍያዎች አላግባብ የተሰጡ ናቸው ተባለ። ጥፋቱ የአስተዳደሩ ነበር። ሆኖም ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ወታደሮች ገንዘቡን ከነወለዱ መልሱ ተባሉ። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2016 ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ጩኸት ሲበዛ ነው መከላከያ ሚኒስትሩ አሰባሰቡ እንዲቆም ያዘዙት። ቤተሰብ የበላው፣ ልጅ የተማረበት ብር ነው እኮ።

ማስታወቂያው ራሱስ? ዕድሜው ረጅም ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ «ከጓደኞችህ ጋር ተቀጠር፣ ከጓደኞችህ ጋር ታገለግላለህ» ብላ ሰው ሰበሰበች። የአንድ ሰፈር፣ የአንድ ፋብሪካ ልጆች እየተጠራሩ ተሰለፉ። አክሪንግተን የምትባል የጨርቃ ጨርቅ ከተማ እንዲህ ያለ ሻለቃ ነበራት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1916 ፈረንሳይ ውስጥ ሶም በተባለው የጦር ግንባር ላይ፣ ሰር በምትባል መንደር ፊት ለፊት፣ ከ700 በላይ ሆነው ከምሽግ ወጡ። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 584ቱ ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም የገቡበት ጠፋ። ማስታወቂያው ቃሉን አልበላም፤ እስከ መጨረሻው አብረው ነበሩ። የእናቶች ለቅሶም እንዲሁ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ጎዳና ሆነ።

ዛሬ መንገዱ ረቀቅ ብሏል። የአሜሪካ ጦር ከ2002 እስከ 2022 የራሱን የቪዲዮ ጌም በነጻ ሲያድል ኖሯል። ስታዲየም ውስጥ «ወታደሮቻችንን እናክብር» የሚባለው ሥነ ሥርዓትም አንዳንዱ የተከፈለበት ነበር፦ በ2015 ሁለት ሴናተሮች ባወጡት ሪፖርት፣ መከላከያው ለስፖርት ክለቦች እንዲህ ላለው ነገር 6.8 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። እንባ ያመጣባችሁ ነገር ደረሰኝ አለው ማለት ነው።

ቪዲዮዎቹን አንድ ጊዜ ልብ ብላችሁ እዩ። ጎህ ሲቀድ፣ ሄሊኮፕተር፣ የሚያብለጨልጭ ጫማ፣ ከታች ሙዚቃ። ቃሬዛ የተሸከመ ሰው የለም። የሚቆፍር የለም፣ ሳምንት ሙሉ ካልሲ ያልቀየረ የለም። እውነተኛው ውትድርና አብዛኛው ጥበቃ፣ ቁፋሮና ሸክም ነው፤ ከ30 ኪሎ በላይ ተሸክሞ መጓዝ ብርቅ አይደለም። ድምፁም ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ የቀድሞ ወታደሮች ካሳ ከሚያገኙባቸው ጉዳቶች በብዛት አንደኛው ጆሮ ውስጥ የማያቋርጥ ጩኸት ነው። ማታ ትራስ ላይ ጋደም ሲሉ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ እሱ ይጮኻል። ማጥፊያ የለውም።

ይሄ እንግዲህ ቀላሉ ነው። በብራውን ዩኒቨርሲቲ የጦርነትን ዋጋ የሚያጠናው ቡድን በ2021 ባወጣው ግምት፣ ከመስከረም 2001 ወዲህ ካገለገሉት አሜሪካውያን ራሳቸውን ያጠፉት 30,177 ገደማ ሲሆኑ፣ በዘመቻ የሞቱት 7,057 ነበሩ። ከአራት እጥፍ በላይ! ከሽያጭ በኋላ ያለው አገልግሎትም ያው ነው፤ ኢራቅና አፍጋኒስታን ውስጥ የቆሻሻ ማቃጠያ ጭስ ሲውጡ የኖሩት ሰፊ የሕክምናና የካሳ ሕግ የወጣላቸው በ2022 ነው።

ሐሳባችሁን ብትቀይሩስ? ከመደበኛ ሥራ ሰው ደብዳቤ አስገብቶ ይለቃል። ከጦር ያለ ፈቃድ ጥሎ መሄድ ግን መክዳት ይባላል፣ ወንጀል ነው። በዚያው በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ ከዳችሁ፣ ፈራችሁ እያለች 306 የራሷንና የግዛቶቿን ወታደሮች ረሸነች። ይቅርታው የመጣው በ2006 ነው። ለማን እንደሚጠቅም እንጃ።

ከሩቅ አገር ለሚመጣ ማስታወቂያ ደግሞ እጥፍ ተጠንቀቁ። የህንድ መርማሪዎች በ2024 የደረሱበት መረብ ወጣቶችን በማኅበራዊ ሚዲያ «የረዳትነት ሥራ» እያለ ወደ ሩሲያ ወስዶ ግንባር ያሰልፍ ነበር። ኔፓልም በዚያው ዓመት ዜጎቿ ወደ ሩሲያና ዩክሬን ለሥራ እንዳይሄዱ አገደች። ሴቶችም አልቀረላቸውም፦ የሩሲያ ግዛት በሆነችው ታታርስታን ውስጥ አላቡጋ የሚባል ቦታ በመስተንግዶ ሥራ ስም የተወሰዱ አፍሪካውያን ወጣቶች ድሮን ሲገጣጥሙ ተገኝተዋል።

እንዲህ ያለ ጥሪ ከደረሳችሁ ውሉን በምታነቡት ቋንቋ ጠይቁ። «እዚያ ስትደርሱ ትፈርማላችሁ» ካሏችሁ እዚያው ላይ አቁሙ። ቅጂውን ቤተሰብ ጋር አስቀምጡ፣ ፓስፖርታችሁን ለደላላ አትስጡ። «በቃ ነገ ያልቃል፣ ቦታው ይሞላል» የሚል ጥድፊያ ካለ ራሱ በቂ ምልክት ነው። ሰው ሄዶባችሁ ድምፁ የጠፋባችሁ ደግሞ፣ ቀይ መስቀል የጠፉ ዘመዶችን ያለ ክፍያ ያፈላልጋል። ሙሉ ስሙን፣ የትውልድ ቀኑንና መጨረሻ የደወለበትን ቀንና ቦታ ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ።