የሚያታዬ ማሞቂያ ፋን፦ ከተቀየረ ከ8 ወር በኋላ

ባለፈው ኅዳር የማዝዳ ሚያታዬን የማሞቂያ ፋን ሞተር ቀየርኩ። አንድ ሙሉ ዊንተር አልፎ አሁን ሐምሌ ላይ ነን። ስለዚህ ሳላመነታ መናገር እችላለሁ፦ ፋኑ ጥሩ ነው። ግን ስለ አዲሱ ዕቃ ብቻ ብጽፍ ግማሹን እንደ መደበቅ ይሆንብኛል። ብልሽቱን መጀመሪያ ስፈልግ ተሳስቼ ነበር፤ ስህተቱም ብዙ ሰው የሚሠራው ነው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1995 ሥሪት ናት። ባለ 1.8 ሊትር፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ ታጣፊ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ በብርድም እነዳታለሁ። ውስጧ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሰው ከገባ ትንፋሹ ብቻ መስታወቱን ያለብሰዋል። የኋላው መስኮት ፕላስቲክ ነው፤ የሚያሞቅ ሽቦ የለውም። ስለዚህ ፋን ሲጠፋ የሚቀረው ምቾት ብቻ አይደለም፤ መንገዱም አይታይም። በቨርጂኒያ በየዓመቱ የደህንነት ምርመራ አለ፤ በእኛ አገር ለቦሎ እንደሚደረገው ማለት ነው። የፊት መስታወቱን ጉም የሚያጠራው ፋን ካልሠራ አያሳልፉም። ልክ ናቸው።

ችግሩ የጀመረው ባለፈው መስከረም ነው። ማዞሪያው 4 ደረጃ አለው። 1፣ 2 እና 3 በአንድ ቀን ጠፉ፤ 4 ላይ ብቻ ባለ በሌለ ኃይሉ ይነፋል። ይህን ምልክት ልብ በሉት። በዝቅተኞቹ ደረጃዎች ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በሬዚስተር በኩል ነው፤ ሬዚስተሩ ኃይሉን ስለሚቀንሰው ፋኑ ቀስ ብሎ ይዞራል። 4 ላይ ግን ሬዚስተሩን አይነካውም። እናም 4 ብቻ ከሠራ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሬዚስተሩ ነው። ከነጭራሹ ካልሠራ ደግሞ ፊውዙን፣ ሪሌውን (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘውንና የሚያቋርጠውን)፣ ማዞሪያውን፣ ወደ ቦዲው የሚታሰረውን ኔጋቲቭ ሽቦ፣ በመጨረሻም የፋኑን ሞተር ማየት ነው። ነፋሱ እየመጣ ሙቀት ከሌለው ፋኑን አትንኩት። ሙቀቱ የሚመጣው ከመኪናው ሞተር ውኃ ስለሆነ የራዲያተሩን ውኃና ቴርሞስታቱን ተመልከቱ።

ሬዚስተሩ በተሳፋሪው በኩል ከክሩስኮቶው (ከዳሽቦርዱ) ሥር ነው። አዲስ ገዝቼ በ20 ደቂቃ ቀየርኩት። አራቱም ደረጃ ተመለሰ። በጣም ደስ አለኝ። አምስት ሳምንት ቆየ። ከዚያ አንድ ዝናባማ ጠዋት ሦስቱ ደረጃዎች እንደገና ጠፉ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክም ሸተተኝ። ወዲያው አጠፋሁት።

ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው አንድ ጋሼ አሉ። አዲስ አበባ እያሉ ዕድሜያቸውን ፊያት ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። ነገሩን አጫወትኳቸው። «ልጄ» አሉኝ፣ «ሬዚስተር ብቻውን አይሞትም። የገደለውን ፈልግ። ፋኑን አውጥተህ በእጅህ አሽከርክረው፤ እምቢ ካለህ ነገሩ እሱ ጋ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ ሞተሩ 4 ላይ ስንት እንደሚስብ ለካሁ። 17 አምፔር። ከዚያ ባትሪውን ፈታሁ፤ ከተሳፋሪው ፊት ያለውን ሳጥንም አወረድኩ። ፋኑ ከጀርባው ነው። ብሎኖቹን ፈትቼ ሳወርደው ደረቅ ቅጠል አብሮት ፈሰሰ። በክንፎቹ መካከል የጥድ ቅጠል ተጠቅጥቋል። ይህች መኪና ወደ ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራ ፊልትሮ የላትም። አየሩ የሚገባው በፊት መስታወቱ ግርጌ፣ ከኮፋኖው ጠርዝ ኋላ ባለው ወንፊት ነው። ዛፍ ሥር የምትቆም ከሆነ የረገፈው ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል።

ፋኑን በእጄ ባሽከረክረው ግማሽ ዙር እንኳ ሳይሄድ ቆመ። ዘንጉ ደርቋል፤ ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያስገባው ካርቦንም አልቋል። ያኔ ነው የጋሼ ነገር የገባኝ። እየታገለ የሚዞር ሞተር ብዙ አምፔር ይስባል፤ ያም በሬዚስተሩ ውስጥ ያልፋል። ሬዚስተሩን የሚያቀዘቅዘው ደግሞ ያው ፋኑ የሚገፋው ነፋስ ነው። ጭነቱ ሲጨምር ነፋሱ ይቀንሳል። አዲስ ሬዚስተር እዚያ መሐል አስገብቼ ነበር፤ እንዴት ይቁም? ሽቦው ከሬዚስተሩ ጋር የሚሰካበት ስፒና ራሱ ግማሹ ቀልጧል። መኪናዋን አልወቅስም። 30 ዓመት ገደማ የዞረ ሞተር ነው።

የገዛሁት ኦሪጅናሉን ሳይሆን ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ነው፤ ወደ 65 ዶላር ወጣብኝ። አብሬ ሬዚስተሩን እንደገና፣ ስፒናውን ከነሽቦው ቀየርኩ። ሽቦው ከድሮው እንዳይቀጥን ተጠነቀቅኩ። ፊውዙን ግን በዚያው መጠን ተውኩት። እባካችሁ፣ ፊውዝ እየተቃጠለ አስቸገረ ብላችሁ ትልቅ አታስገቡ። ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ትልቅ ካስገባችሁ ቀጥሎ የሚነድደው ሽቦው ነው፤ ያውም ክሩስኮቶው ውስጥ።

አሁን ወደ 8ቱ ወር ልምዴ ልምጣ። አዲሱ ሞተር 4 ላይ 11 አምፔር ይስባል፤ በሰኔም ስለካው ያው ነው። 1 እና 2 ላይ ድምፁ አይሰማም ማለት ይቻላል። 4 ላይ ከድሮው ይጮኻል። ጣሪያው ተዘግቶ ሬዲዮው ዝቅ ካለ ጆሮ ይገባል፤ ይህን አልወደድኩለትም። መጀመሪያ ላይ 3 ላይ ይነዝር ነበር። አብሮት የመጣው የስፖንጅ ማሸጊያ በጣም ቀጭን ነው፤ ወፍራም ቆርጬ አስገብቼ ብሎኖቹን እኩል ሳጠብቃቸው ንዝረቱ ጠፋ። ኦሪጅናሉን በአቅማችሁ ካገኛችሁት እሱን ግዙ እላለሁ። ካላገኛችሁ በዚህኛው አትጎዱም።

በጥር በረዶ የጣለ ሳምንት በየጠዋቱ ነዳኋት። መኪናዋ ከሞቀች በኋላ 3 ላይ ሳደርገው መስታወቱ በ4 ደቂቃ ይጠራል። በድሮው ፋን 10 ደቂቃ ቆሜ የጠበቅኩበት ቀን ነበር። በዝናብ ቀን ኤሲውንም አብሬ እከፍተዋለሁ፤ ኤሲ አየሩን ስለሚያደርቅ ጉሙ ቶሎ ይለቃል። በሙቀቱም ወራት የኤሲውን ቅዝቃዜ የሚያመጣው ይኸው ፋን ነው። በሰኔ ወር ደረጃ 4 ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳያቋርጥ ሠራ፤ ምንም አልሸተተም። በየሁለት ወሩ ስፒናውን በጣቴ እነካዋለሁ። ለብ ይላል እንጂ አያቃጥልም።

የመስታወቱን ግርጌ በወር አንዴ በቫኪዩም አጸዳለሁ። ያቺ የአምስት ደቂቃ ሥራ ከሁሉም በላይ የጠቀመችኝ ይመስለኛል።

ያልነካሁት ማዞሪያውን ነው። እሱም እንደ መኪናዋ ያረጀ ነው፤ ያ ሁሉ አምፔርም ለዓመታት አልፎበታል። ሰሞኑን ከ2 ወደ 3 ሳዞረው አንዳንዴ ለአፍታ ይቋረጣል። ቅጠሉ መርገፍ ሳይጀምር ፈትቼ እግሮቹን አያቸዋለሁ። ከጠቆሩ እቀይረዋለሁ።