ጥንቃቄ፦ «200 ፍሬ በአንድ ሳጥን» የሚባለውን የባስ ማጥመጃ አትግዙ

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሆናችሁ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ባስ የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ ለምትጀምሩ፦ ስልካችሁ ላይ በማስታወቂያ የሚመጣውን፣ የላስቲክ ትሉን፣ መንጠቆውንና ክብደቱን አንድ ሳጥን ውስጥ ደርድሮ «200 ፍሬ በ25 ዶላር» ዓይነት ዋጋ የሚጠራውን ዕቃ እለፉት። ለሰው ስጦታም አይሁን።

ቁጥሩን እንመንዝረው። 200 የሚያስብለው ትሉ አይደለም። ዶቃው፣ የጎማ ቀለበቱ፣ ማያያዣው፣ ሽንብራ የምታክለው ክብደት ሁሉ አንድ አንድ ተብላ ተቆጥራለች። ባስ የሚጎርሰው ትል ሲለይ ጥቂት ነው፤ ከዚያም ውስጥ ብዙው የጣት አንጓ የሚያክል፣ ለትንንሽ ዓሣ የሚሆን ነው።

ዋናው ጉድ ያለው ግን መንጠቆው ላይ ነው። ለቴክሳስ ሪግ (ክብደቱ ከፊት ሆኖ መንጠቆው ትሉ ውስጥ ለሚደበቅበት አሰካክ) የሚያስፈልገው አንገቱ የታጠፈ፣ አፉ ሰፊ መንጠቆ ነው። ጫፉ ተመልሶ ትሉ ውስጥ ስለሚደበቅ ሣር አይዝም፤ ዓሣው ጎርሶ ዘንጉን በኃይል ስትስቡ ግን ላስቲኩን ቀዶ መውጣት አለበት። ለመውጣት ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። በመንጠቆው ጫፍና በጀርባው መካከል ያለው ክፍተት የትሉን ውፍረት እጥፍ ያህል ካልሆነ፣ ላስቲኩ እዚያው ይኮማተርና ይወትፈዋል፤ ጫፉ ሳይወጣ ዓሣው አፉን ከፍቶ ይሄዳል። «ጎተተኝ፣ ግን አመለጠኝ» ከሚባለው ብዙው መነሻው ይኸው ነው። 5 ኢንች ወፍራም ትል 3/0 ወይም 4/0 ይፈልጋል፤ ሳጥኑ ውስጥ የሚበዛው ግን 1 እና 2 ቁጥር ነው። ቁጥሩ ደግሞ እንዳያምታታችሁ፦ 3/0 ከ1/0 ይበልጣል፣ 2 ቁጥር ግን ከ1 ቁጥር ያንሳል።

የተገዛ መንጠቆ እጃችሁ ላይ ካለ እንዲህ ፈትሹት። ጫፉን ሳትጫኑ በአውራ ጣት ጥፍራችሁ ላይ ጎትቱት፤ ከተንሸራተተ ደንዟል፣ ጥፍሩን ከያዘ ስለት አለው። ከዚያ ክር የሚታሰርበትን ቀለበት ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩ። ሽቦው ዞሮ የገጠመበት ቦታ ፀጉር የምታሾልክ ክፍተት ካለችው ክሩ እዚያ ገብቶ ይፋቃል፤ ያን ጊዜ የቱም ቋጠሮ አያድናችሁም። በመጨረሻ ጫፉን በፒንሳ ይዛችሁ በልኩ ሳቡት። ተከፍቶ ከቀረ ሽቦው በደንብ አልጠነከረም፤ እንደ ብስኩት ቀጭ ካለ ደግሞ ከመጠን በላይ ደርቋል። ሁለቱም ቆሻሻ ነው።

ትሉ በፎቶ አይለይም። ጋሪ ያማሞቶ የሚሠራው ሴንኮ የሚባል ትል ዝናው ከጨው ነው፦ ላስቲኩ ውስጥ ብዙ ጨው ስላለበት ክብደት ሳይታሰርበት አግድም ይሰምጣል፣ ሲወርድም ሁለት ጫፉ ይንቀጠቀጣል። ባስ ብዙ ጊዜ የሚጎርሰው ሲወርድ ሳለ ነው። ጨው የሌለው አስመሳይ ቅርጹም ቀለሙም አንድ ሆኖ፣ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል ወይም እንደ እንጨት ደርቆ ይወርዳል። ባልዲ ውኃ ሙሉ፣ ትሉን መሃሉ ላይ በመንጠቆ ወግታችሁ ልቀቁት፤ ጫፎቹ ካልተርገበገቡ ለዋኪ ሪግ (ትሉ እንዲህ መሃሉ ላይ ተወግቶ ለሚጣልበት አሰካክ) አይሆንም።

ሳጥኑ ራሱም ዕቃውን ያበላሻል። አብዛኛው የላስቲክ ትል በዘይት መሰል ማለስለሻ የለሰለሰ ፒቪሲ ነው። እንደ ዚ-ማን ኢላዝቴክ ያለው ግን ሌላ ዓይነት ላስቲክ ነው፤ ይለጠጣል፣ ይንሳፈፋል፣ ቶሎ አይበጠስም። ሁለቱ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ተያይዘው ይቀልጡና ሐምሌ ላይ መኪና ውስጥ የተረሳ ማስቲካ ይሆናሉ። ማለስለሻው አንዳንዱን ሳጥንም ይበላል። ቀለሙም ይጋባል፤ ጥቁሩ ከነጩ ጋር ከሰነበተ ነጩ የለም። ስለዚህ ትል የሚቀመጠው በመጣበት ከረጢት ነው፣ ሳጥን ለብረቱ ይሁን።

ክብደቱን በተመለከተ «ታንግስተን» የሚለውን ቃል በቃሉ አትመኑ። ታንግስተን በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 19.3 ግራም፣ እርሳስ 11.3 ግራም ይመዝናል፤ በተመሳሳይ ክብደት ታንግስተኑ በጉልህ ማነስ አለበት። ቀለሙን ፋቅ አድርጋችሁ ወረቀት ላይ ጫሩት፤ ግራጫ መስመር ከተወ እርሳስ ነው (ስሙ ለከንቱ አይደለም)። ሚዛን ላይም አውጡት፦ 1/4 አውንስ 7.1 ግራም፣ 3/8 አውንስ 10.6 ግራም መሆን አለበት። እርሳስ ከሆነ ኒው ሃምፕሸር 1 አውንስና ከዚያ በታች ያለውን፣ ማሳቹሴትስ ደግሞ በሐይቅና በወንዞቿ ከ1 አውንስ በታች ያለውን መጠቀም ስለሚከለክሉ ወደዚያ ይዛችሁት አትሂዱ። ሽንብራ የምታክለዋን ክብደት ክር ላይ ለመቆንጠጥ በጥርስ መንከስም ይቅር። በእጃችን የምንጎርስ ሰዎች ነን፤ እርሳስ የነካ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ እንጀራ አይቁረስ።

በዚያው 25 ዶላር አካባቢ ምን ይገዛ? ባለ 5 ኢንች ጨዋማ ትል አንድ ከረጢት፣ ግሪን ፓምፕኪን በሚባለው ቀለም፤ ውኃው ከደፈረሰ ጥቁርና ሰማያዊ። ሰፊ አፍ 3/0 መንጠቆ አንድ እሽግ። ጥይት ቅርጽ ያለው ክብደት፣ ለጥልቀት አልባ ውኃ 3/16፣ ለሣር 3/8 አውንስ። ከሊትል ፎልስ በታች ያለው ፖቶማክ በሰመር ሃይድሪላ የሚባል የውኃ ሣር የሚበዛበት ቦታ ስላለው 3/8ቱን ታዘወትራላችሁ፤ ሣሩ ውስጥ ከትሉ እንዳይለይ ክሩ ላይ በላስቲክ ማቆሚያ አስሩት።

የቴክሳስ ሪግ አሰካክ፦ ክሩን በክብደቱ ሹል ጫፍ በኩል አስገቡ፣ መንጠቆውን በፓሎማር ቋጠሮ እሰሩ፣ ከማጥበቃችሁ በፊት ክሩን አርጥቡ። የመንጠቆውን ጫፍ በትሉ አናት 6 ሚሊሜትር ያህል አስገብታችሁ በጎን አውጡ። አንገቱ ድረስ ጎትቱት፣ ግማሽ ዙር አዙሩት፣ መንጠቆውን በትሉ ጎን አስተኝታችሁ ጎባጣው የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍር ምልክት አድርጉና እዚያ ወግታችሁ አሻግሩት። ጫፉን ቆዳው ሥር ብቻ ደብቁ። ትሉ ቀጥ ብሎ መንጠልጠል አለበት፤ አንድ ቦታ ካጎበጠ ውኃ ውስጥ ይሽከረከራል፣ ክሩንም ይገምደዋል። ቀጥ ካላለ ከሁለተኛው ቀዳዳ አውጥታችሁ ድገሙት።

ሳጥኑን ቀድሞ ለገዛ፦ የማስታወቂያውን ገጽ ዛሬውኑ ፎቶ አንሱት፣ ቶሎ ይጠፋል። «ታንግስተን» ተብሎ እርሳስ ከመጣ፣ ሚዛኑ ላይ ያለውን ፎቶ አያይዛችሁ «ዕቃው ከማስታወቂያው ጋር አይገጥምም» ብላችሁ ገንዘባችሁን ጠይቁ። ሻጩ ዝም ካለ በክሬዲት ካርዳችሁ ባንክ በኩል። ከሳጥኑ ውስጥ የጎማ ቀለበቶቹን ግን ለዩአቸው። ዋኪ ሪግ ላይ ትሉን መሃሉ ላይ አጥልቃችሁ መንጠቆውን በቀለበቱ ሥር ስታሳልፉት፣ ትሉ በአንድ ዓሣ ከመበጠስ ለአራት ለአምስት ዓሣ ይቆያል።