በቴክሳስ የልጅ ቀለብ ችሎት፦ ስለ ተባባሪ ዳኛው አገልግሎት

በቴክሳስ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጽሕፈት ቤት በኩል የሚቀርብ የልጅ ቀለብ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚመራው ወደ ተባባሪ ዳኛ፣ ማለትም በዋናው ዳኛ ተመርቶለት ጉዳዩን ወደሚሰማ ረዳት ዳኛ ነው። እኔም እንደ አመልካች በአንዱ ችሎት ቀርቤ ያገኘሁትን አገልግሎት በጥቅሉ ጥሩ ብዬዋለሁ።

ተባባሪ ዳኛዋ የልጆቼን አባት የደመወዝ ወረቀት ተቀብለው ግብሩንና የልጆቹን የጤና መድን ክፍያ ከቀነሱ በኋላ፣ ለሁለት ልጆች ሕጉ በመነሻነት ያስቀመጠውን 25 በመቶ እዚያው በካልኩሌተር አስልተው ቁጥሩን ለሁለታችንም አሳዩን፤ ለአንድ ልጅ ቢሆን ኖሮ 20 በመቶ ይሆን ነበር።

ሥልጣናቸው ግን ገደብ አለው። የተስማማንበትን ትእዛዝ ራሳቸው መፈረም ቢችሉም፣ ቀለብ ከፋዩ ችሎት በመድፈር እንዲቀጣ ወይም እንዲታሰር የሚያቀርቡት ውሳኔ ጉዳዩን ወደ እሳቸው የመራው ዋናው ዳኛ ፈርሞ ካላጸደቀው አይጸናም። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ወገንም በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ጉዳዩ በዋናው ዳኛ ፊት እንደ አዲስ እንዲሰማለት መጠየቅ ይችላል፤ ይህን መብት አስቀድሞ የሚያስቀር ወረቀት ላይ ሳያነቡ መፈረም አይገባም።

ያልወደድኩት የአስተርጓሚውን ነገር ነው። በስልክ የቀረበው አስተርጓሚ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ የተቋረጠውም ስለ 3ቱ ቀናት በሚነገርበት ሰዓት ነበር (ከዚያ ሁሉ ንግግር መርጦ!)። ዳኛዋ ጥያቄዬን ተቀብለው ደግመው ባያስረዱኝ ኖሮ ቀነ ገደቡን ሳላውቅ ከችሎቱ እወጣ ነበር።