ሲልቬስተር «ስቴፕ ቱ»፦ እ.ኤ.አ. የ1978ቱ ሸክላ ለወራት ሲደመጥ

ይህን አልበም አብዛኛው ሰው የሚገዛው የጭፈራ ዘፈኖቹ ላሉበት ለአንደኛው ገጽ ነው። ወራት ሲያልፉ ግን መርፌው ደጋግሞ የሚያርፈው ሁለተኛው ላይ ነው።

አሜሪካዊው ዘፋኝ ሲልቬስተር በ1973 ከሆት ባንድ ጋር ያወጣቸው አልበሞች ገበያ አልቀናቸውም። በግሉ የሠራው ሁለተኛ አልበም «ስቴፕ ቱ» ግን በአሜሪካው ቢልቦርድ መጽሔት የአልበም ሰንጠረዥ 28ኛ ደርሶ የወርቅ ዕውቅና አገኘ። ጊታሪስቱ ጄምስ ዊሪክ ያመጣው «ዩ ሜክ ሚ ፊል» መጀመሪያ ረጋ ያለ ዜማ ነበር፤ ወደ ዲስኮ የቀየረው የፓትሪክ ካውሊ ሲንተሳይዘር (የኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያ) ነው። ዘፈኑ በብሪታንያ 8ኛ ወጣ፤ ሌላው የአልበሙ ዘፈን «ዳንስ» ደግሞ በአሜሪካ 19ኛ።

ያገለገለ ቅጂ ስትገዙ ሸክላውን በመብራት ሥር ዘንበል አድርጋችሁ እዩት። ከሁለተኛው ገጽ ይልቅ አንደኛው ግራጫ መስሎ ከታየ፣ ከባድ የመርፌ ክንድ ባለው ማጫወቻ ለጭፈራ ብዙ ተደጋግሟል ማለት ነው። ጉዳቱ ቶሎ የሚሰማው በሲልቬስተር ቀጭን ድምፅ ላይ ነው፤ «ስ» ያለበት ቃል ሁሉ ይሻክራል። በተጣራ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ማጠብ ከአቧራ የሚመጣውን መንጫጫት ያስወግዳል፣ የተፋቀ መስመር ግን አይመልስም። መርፌው ሸክላው ላይ የሚያሳርፈው ክብደት አምራቹ ካዘዘው አይብለጥ፤ ለብዙዎቹ 2 ግራም ገደማ ነው። ማጫወቻውንና ድምፅ ማጉያውን አንድ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ፤ የባስ፣ ማለትም የወፍራሙ ድምፅ፣ ንዝረት በመርፌው ተመልሶ ይገባና ያጉረመርማል።

ሁለተኛው ገጽ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ያሳደገው ድምፅ ምን ያህል አቅም እንዳለው የሚታይበት ነው። የበርት ባካራክና የሃል ዴቪድን «አይ ቱክ ማይ ስትሬንግዝ ፍሮም ዩ» ሲልቬስተር ሳይቸኩል፣ እያንዳንዱን ሐረግ እየሳበ ይዘፍነዋል። ተቀባዮቹ ማርታ ዋሽና አይዞራ ሮድስ ናቸው፤ የሁለቱ ወፍራም ድምፅ ባይኖር አልበሙ ግማሽ ይጎድለው ነበር። የማጫወቻው ቀበቶ ከላላ ችግሩ የሚጋለጠው እዚህ ነው፤ ፈጣኑ ምት የሸፈነው መዋዠቅ ተስቦ በሚቆይ ድምፅ ላይ ይሰማል።

ጭፈራውን ብቻ ለሚፈልግ ባለ12 ኢንቹ ነጠላ ሸክላ ይሻላል። መስመሮቹ ሰፋ ስለሚሉ ከበሮውና ባሱ ይደምቃሉ።