«ጥርሱ ሙሉ ነው» ሲሏችሁ አትመኑ፤ ጎማ ከመገጠሙ በፊት ቀኑን አንብቡ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። አዲስ ናቸው ተብለው የተሸጡልኝ አራት ጎማዎች የተመረቱት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ሻጩ ይህን ያውቅ ነበር። ማወቁን የሚመሰክርበት ደግሞ ራሱ የገጠመበት መንገድ ነው።

ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ገና ከመኪና ሳትወርዱ «እህቴ፣ ቁጥሩ ስንት ነው?» ብሎ የሚቀበል፣ ጎማውን አንከባሎ አምጥቶ በመዳፉ መታ መታ የሚያደርግ ነው። ጎማው በቅባት ተወልውሎ ያብረቀርቃል፣ የፋብሪካው ወረቀት እንደተለጠፈበት ነው። ጣቱን በጥርሶቹ መሃል አስገብቶ «እዪው፣ ጥርሱ ሙሉ ነው፤ መሬት ነክቶ አያውቅም» አለኝ። መሬት አለመንካቱስ እውነት ነበር። የሸወደኝም በዚሁ እውነት ነው።

አሁን ያንገበገበኝ የሚቀጥለው ነገር ነው። የመጀመሪያውን ጎማ ቸርኬው ላይ ሊጭን ሲል ጎኑን አየት አደረገና ገለበጠው። ሁለተኛውንም አየና ገለበጠው። ሦስተኛውን አይቶ እንዳለ ጫነው። አራተኛውን እንደገና ገለበጠ። «ለምንድን ነው የምትገለብጠው?» አልኩት። ቀና እንኳ ሳይል «ስሙ ወደ ውጭ ሲሆን ያምራል» አለኝ። የአምራቹ ስም ግን በሁለቱም ጎን ተጽፏል! በአንዱ ጎን ብቻ የተጻፈው የተመረተበት ቀን ነው። ዓይኔ እያየ፣ እየጠየቅኩት፣ አራቱንም ቀን ወደ ውስጥ አዙሮ ቀበረብኝ። ጎማዎቹ በየት በኩል መዞር እንዳለባቸው የሚያሳይ የመዞሪያ ቀስት የላቸውም፤ በየትኛውም ጎን ቢገጠሙ ለውጥ የለውም። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነበር።

ከዚያ ዝናብ መጣ። ፊት ለፊቴ ያለው መኪና ሲቆም ፍሬን ያዝኩ፤ ፔዳሉ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ መኪናዋ ግን መንሸራተቷን ቀጠለች። የፔዳሉ መንቀጥቀጥ ኤቢኤስ፣ ማለትም ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ የሚያደርገው መሣሪያ፣ ሥራ ጀመረ ማለት ነው። በዚያ ፍጥነት፣ በቀላል ዝናብ፣ በደህና አስፋልት ላይ መጀመር አልነበረበትም። መሪውን ወደ ባዶው ጎን መለስኩና ተረፍኩ። ለፍሬን ምርመራ ብዬ ጎሚስታ ዘንድ ወሰድኳት። ልጁ ጎማውን ፈትቶ አውራ ጣቱን ጥርሱ ላይ ጫነና «እህቴ፣ ይሄ ጎማ ደርቋል» አለኝ። ገልብጦ አሳየኝ፦ 0914። ዘጠነኛ ሳምንት፣ 2014።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው ነገር አለ፤ ሻጮቹ የሚያጭበረብሩት እሱን ባለማወቃችን ነውና። መኪና የሚያቆመው ፍሬኑ ብቻ አይደለም። ፍሬን ጎማውን ያዘገያል፤ መኪናውን የሚያቆመው በጎማውና በመንገዱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። አንድ ጎማ መንገዱን የሚነካበት ቦታ መዳፍ ቢያክል ነው። ጥርሱ የተሠራው በዋናነት ውሃውን ከሥሩ እንዲያስወጣ ነው፤ ለዚህም ነው በደረቅ መንገድ የሚሮጡ የውድድር መኪናዎች ጥርስ የሌለው ጎማ የሚገጥሙት። መንገዱን የሚይዘው ላስቲኩ ራሱ ነው፤ ለስላሳ ሆኖ በአስፋልቱ ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ ሲገባ ነው የሚይዘው። ላስቲክ ደግሞ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦም ያረጃል። ኦክስጅንና ሙቀት ያደርቁታል፣ የሚያለሰልሰው ቅባት ይወጣል። ጥርሱ እንደተሞላ ላስቲኩ ይጠጥራል።

ሒሳቡን አየሁት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ የሰበቃው መጠን 0.7 (የመኪናው ክብደት 0.7 እጥፍ) ቢሆን፣ ፍሬን ከያዛችሁበት ቦታ 20 ሜትር ያህል ሄዳችሁ ትቆማላችሁ። ሰበቃው በግማሽ ቢቀንስ 40 ሜትር ይፈጃል። ይባስ ብሎ፣ ጥሩ ጎማ ያለው መኪና ጸጥ ብሎ በቆመበት በ20ኛው ሜትር ላይ እናንተ ገና በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ ነው። በዚያ ፍጥነት ነው ሰው የምትገጩት። ለሽያጭ ብሎ ይህን የሚደብቅ ሰው ምን ይባላል?

ተመልሼ ሄድኩ። ያው ሰውዬ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ስልኩን እየነካካ ሰማኝ። ቁጥሩን በፎቶ ሳሳየው «ይሄ የፋብሪካ ቁጥር ነው፣ አንቺ አታውቂውም» አለ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ሳምንትና ዓመት መሆናቸውን ነገርኩት። ያኔ ወሬውን ቀየረ፦ «ጭነት አብዝተሽ ይሆናላ!» ይህም ውሸት ነው። ክብደት ሲጨምር ጎማውን መንገዱ ላይ አብሮ ስለሚጫነው ሰበቃውም በዚያው ልክ ያድጋል፤ ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጊዮም አሞንቶን በ1699 ያቀረበው ነው። ላስቲክ ይህን ሕግ ፍጹም ባይከተልም፣ ደህና ፍሬን ያላት መኪና ብቻዬን ተቀምጬባት በጭነት ምክንያት አትንሸራተትም። ብቻዬን እንደነበርኩ ስነግረው ወደ ጓደኛው ዞሮ «ባልሽን ላኪልኝ፣ ከሱ ጋር እንነጋገራለን» አለ። ሁለቱም ሳቁ። ገንዘቡን አልመለሱም፣ «የተገጠመ ዕቃ አይመለስም» ነው መልሳቸው። ከተገጠመ በኋላ ቀኑ እንዳይታይ ያደረጉት ግን እነሱ ናቸው!

ጎማ የምትገዙ ሰዎች፦ ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች ቸርኬ ላይ ከመውጣቱ በፊት አንብቡ፣ ፎቶ አንሡ፣ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ብዙ የመኪና አምራቾች ከ6 ዓመት በኋላ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ የጎማ አምራቾች ደግሞ ጥርሱ ቢኖረውም ከ10 ዓመት እንዳያልፍ ይላሉ። የመዞሪያ ቀስት ያለው ጎማ ከሆነ ከአራቱ የሁለቱ ቀን ወደ ውስጥ መዞሩ ግድ ነው፤ እሱን ሳይገጠም ካላያችሁት በኋላ የምታዩት መኪና ሥር ገብታችሁ ነው።